ጠያቂ ያልቀረበበት ቁራሽ

«ሹፌር፣ እባክህ ትንሽ ፈጠን በል» አለች ወንጌላዊት፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

«እህቴ፣ ዶሮ መዝለያ ቁልቁለት ላይ የፈጠነ ሰው መድረሱን ቶሎ ይደርሳል፤ የሚደርሰው ግን ኮምቦልቻ አይደለም» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከጠመዝማዛው ሳያነሳ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ከጎኗ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አቶ አምባዬ ወልደ ሚካኤል ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል ገትረው ተቀምጠዋል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ግንበኛ ነበሩ፤ የኮምቦልቻን ግማሽ አጥር የሠራሁት እኔ ነኝ ይላሉ፣ ቢጋነን ቢጋነን ሩቡን ሠርተዋል። የግራ ጉልበታቸው ስለከዳቸው ከመጋቢት ጀምሮ ደሴ፣ ፒያሳ አጠገብ፣ ልጃቸው ማስተዋል ዘንድ ሆነው ይታከማሉ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ይህች ቀጭን ልጅ፣ ኅዳር ላይ ግቢያቸውን ልትለካ መጥታ የነበረችው፣ አንገቷ ላይ ባጅ አንጠልጥላ በሩን አንኳኳች። «የእማማ ራሂማ ነገር ነው፤ ዛሬ ካልደረስን አለቀ» አለቻቸው። ማስተዋል «አባዬ፣ እግርህ!» እያለች ስትጮህ እሳቸው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። የጎረቤታቸው የራሂማ ስም ከተጠራ ሌላ የሚጠይቁት አልነበራቸውም።

ጊዜው ሰኔ 2011 ነው። በዚያ ዓመት ከተማው ሁሉ ይለካ ነበር። ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ግቢ ቀጭን መስመር ተሰምሮበት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ታብሌት የያዙ ወጣቶች ከቤት ቤት እየዞሩ «ይሄ የማን ነው? ያኛውስ?» ይላሉ። ሰዉም የግብር ደረሰኙን ከሳጥን፣ የአባቱን ውል ከፍራሽ ሥር ያወጣል፤ ለሃያ ዓመት ያልተነጋገሩ ወንድማማቾች በአንድ ክንድ አጥር ምክንያት እንደገና መነጋገር ጀምረዋል፤ በስድብም ቢሆን መነጋገር መነጋገር ነው። ካዳስተር ይሉታል ባለሙያዎቹ። ሕዝቡ ግን «ልኬት» ብሎት አረፈ።

ለባለሙያው አንድ ቁራሽ መሬት ማለት አራት ነገር ነው፦ ወሰን፣ ስፋት፣ መውጫ መንገድ፣ ባለይዞታ። አራቱ የተሟሉለት ካርታ ያገኛል። ወሰንና ስፋት ኖሮት ባለይዞታ የሌለው ወደ ከተማው መሬት ባንክ ገብቶ ለሌላ ይሸነሸናል። መውጫ የሌለው ደግሞ ካርታ አይወጣለትም፤ በላዩ ላይ ሰው ይኑርበት እንጂ በወረቀት ዓይን የታነቀ መሬት ነው። ወንጌላዊት ይህን ሥልጠና ላይ በቃሏ አጥንታለች። በቃል የተጠና ነገር ክፋቱ፣ ሰው ያወቀው ይመስለዋል።

ኅዳር ላይ ከቦርከና ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር መዝጋቢ ሆና ስትሠራ፣ በአምባዬ ግቢና በራሂማ ግቢ መካከል አንድ ረዥም ቀጭን መሬት አገኘች። ስፋቱ ሦስት ሜትር፣ ርዝመቱ ከስልሳ ይበልጣል። አጥር የለውም። ዳርና ዳሩ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ መሀሉ በእግር ተደልድሏል። ራሂማን «ይሄ የማን ነው?» አለቻቸው። «የአላህ ነው፣ የኔ ዓለም» አሉ። አምባዬን ጠየቀች። «የእግዚአብሔር ነው» አሉ። ለማረጋገጥ ብላ ጭድ ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው አስቁማ ጠየቀች፤ ሰውዬው ሸክሙን እንኳ ሳያወርድ «የአላህ ነዋ!» ብሏት አለፈ። ወንጌላዊት ደሴ ውስጥ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስትዛወር ያደገች ልጅ ናት። በሕይወቷ የረገጠችው መሬት ሁሉ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም ወር በገባ በሠላሳኛው ቀን ለኪራዩ ይመጣል። ስለዚህ ሦስቱም «የማንም አይደለም» ያሏት መሰላትና «ጠያቂ ያልቀረበበት» የሚለውን ነካች። ታብሌቱ የከተማ መሬት ምልክት የሆነውን አረንጓዴ ቀለም ቀባው። አለቀ።

ለስህተቷ የነቃችው ዛሬ ጠዋት ነው። ካርታው ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለሕዝብ የተለጠፈበት የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ቅሬታ ያለው እስከ አሥራ አንድ ተኩል ካልጻፈ መዝገቡ ይዘጋል። ሰው እየተጋፋ ቤቱን ሲፈልግ ራሂማ መጥተው ክንዷን ያዙ።

«የኔ ዓለም፣ እኔ ፊደል አላውቅም። ቤቴን እስቲ አሳይኝ።»

አሳየቻቸው። ራሂማ ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ቆዩ። «ኧሄ የአያ አምባዬ ግቢ ነው። ኧሄ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው መጋዘን፤ ባሌ በሺር በሕይወት ሳለ ለወንድሙ ልጆች የሰጠው ነው፣ እነሱም ለነጋዴ አሳለፉት። ከኋላ እኔ። እና ልጄ፣ እኔ በየት በኩል ነው የምወጣው?»

ወንጌላዊት ጣቷን አነሳች፣ ግን የምታስቀምጥበት አጣች። ከመንገዱ እስከ ራሂማ በር የሚወስደው ያ ቀጭን መሬት አረንጓዴ ሆኗል፤ በላዩ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ «ለመጋዘን ማስፋፊያ የታሰበ» ይላል። የራሂማ ይዞታ አራት ማዕዘኑ በሰው ተከቧል። ያን ጊዜ ገባት። እኒህን ሴትዮ በገዛ ጣቷ ቤታቸው ውስጥ ቆልፋባቸዋለች።

የቡድኑ መሪ ምንይሉ፣ ሁሉም ኢንጂነር የሚለው፣ ነገሩን ሰምቶ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ የሚያመልክ ሰው ነው። «ጠያቂ የለውም ብለሽ የመዘገብሽው አንቺ ነሽ። አሁን ጠያቂ አለው ለማለት በሁለቱም በኩል የሚያዋስኑት ነባር ባለይዞታዎች በአካል ቀርበው መፈረም አለባቸው። አንዷ እዚህ አሉ። ሌላውስ?»

«ደሴ ናቸው።»

«እንግዲህ አሥራ አንድ ተኩል» አለና ወደ ወረፋው ዞረ። ይህ በምንይሉ ቋንቋ ፈቃድ ነው። ምሳዋን ሳትበላ ሮጠች።

ሚኒባሱ ድንገት ቆመ። ከፊታቸው ከባድ መኪና፣ ሲሚንቶ እስከ አፉ የጫነ፣ ኩርባው ላይ ጎማው ፈንድቶ መንገዱን ዘግቶታል። ከላይም ከታችም ተሽከርካሪ ተደርድሯል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «እንግዲህ ፈጠን በል በዪኝ አሁን» አላት፤ ግን ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወው።

አምባዬ በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ ነበር። ጉሙ ከላይ ቀርቷል፤ ታች የኮምቦልቻ ሜዳ በፀሐይ ተዘርግቶ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል። «የኔ ልጅ» አሉ፣ «እስቲ ነገሩን ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ያ መተላለፊያ የእርስዎ ይዞታ ነው ብለው ነው። ወይም ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የእማማ ራሂማ። ባለይዞታ ከተገኘለት ከተማው አይወስደውም። እሳቸውም መውጫ አገኙ ማለት ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አሽከረከሩ። «ይህን ብዬ አልፈርምም» አሉ።

ወንጌላዊት የሰማችውን አላመነችም። «አባቴ፣ አልገባዎትም መሰለኝ፤ ካልፈረሙ እኮ…»

«ገብቶኛል። አንቺ ግን አልገባሽም፤ አላስገባንሽምም፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ስሚኝማ።» ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። «ሰባ ሰባት ላይ ነው። ክፉ ቀን። አንቺ አልተወለድሽም። ሰው ከሰሜኑም ከቆላውም እየፈለሰ እኛ ዘንድ ይወድቅ ነበር። ከረሃቡ በሽታው ባሰ። ቀብር በቀን አምስት፣ ስድስት ነው። ወደ መስጊዱ መቃብርም ወደ ቤተ ክርስቲያኑም የሚወስደው መንገድ ያኔ በወንዙ ዳር ነበር። ነሐሴ ገባ፣ ቦርከና ሞላ፣ መንገዱን በላው። የሞተው ሰው ቤት ውስጥ ሁለት ቀን ማደር ጀመረ።»

ከኋላ ያለችው ሴት ልጇን ታባብላለች።

«የኔ የመጀመሪያ ልጅ ሸዋረጋ ትባል ነበር። ስድስት ዓመቷ ነው። በሽታው ያዛት፣ በሦስተኛው ቀን አለፈች። ገንዘናት ተቀምጠናል፤ በየት እንውሰዳት? የኔና የበሺር ግቢ ያኔ አጥሩ አንድ ነው፣ ቁልቋል ነው፣ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ የሄደ። በዝናቡ ውስጥ ግው፣ ግው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ በሺር ነው። መጥረቢያ ይዞ አጥሩን ይጥላል። የራሱን ማሽላ፣ ፍሬ የያዘ ማሽላ፣ በዚያ ረሃብ፣ እየረገጠ መንገድ ያወጣል። ‹በሺር ምን እያደረግህ ነው?› ስለው ‹ልጃችን ትለፍ› አለኝ። ልጃችን ነው ያለኝ። ጭቃው እኔን ሲያዳልጠኝ ተቀብሎ በክንዱ ታቅፎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያደረሳት እሱ ነው።»

ወንጌላዊት ዓይኗ በእንባ ሞላ። ሰዓቷን ማየትም ረሳች።

«ሰልስቷ ሲወጣ እኔም ተነሣሁ። እሱ ሁለት እርምጃ ለቋል፤ እኔም ከበኩሌ ሁለት እርምጃ ለቀቅሁ። ድንጋዩን ደረደርኩ፣ ሙያዬ ነው። ሲያልቅ በሺር መሀሉ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋና ‹ለሙታን ጀባ ብለናል› አለ። እኔም አሜን አልኩ። ‹ከእንግዲህ የኔ ነው ያለ አይባረክ› ተባባልን። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው አለፈበት! የኛም የነሱም። ራሱ በሺርም በዚያው አለፈ። አሁን እኔ ጽሕፈት ቤት ቀርቤ ‹የኔ ነው› ልበል? ለሙት የሰጠሁትን ልቀማ? አፌ አይልልኝም፣ የኔ ልጅ።»

በወሎ የተሰጠ ነገር ብዙ ነው፣ ጀባ የተባለ ግን ሌላ ነው፤ እጅ ተዘርግቶ፣ አሜን ተብሎበት የወጣ ስለሆነ ወደ ሰጪው አይመለስም። ወንጌላዊት ይህን የምታውቅ የአገሩ ልጅ ናት። ኅዳር ላይ «የአላህ ነው» ሲሏት ያልገባት ይኸው ነበር። ባለቤት የለውም አላሏትም። የባለቤቱን ስም ነግረዋታል።

«ታዲያ ለምን መጡ?» አለች በመጨረሻ።

«ራሂማ ተቸገረች አልሽኛ። አልመጣም እንዴ?»

ሰዓቱ አሥር ከሩብ ሆኗል፣ ከባዱ መኪናም ከቦታው አልተነቃነቀም። «አባቴ፣ ከመኪናው ወዲያ ማዶ ባጃጅ አይጠፋም። ከቻሉ እንውረድ» አለች። ወረዱ። አንድ እጃቸው ከዘራው ላይ፣ አንድ እጃቸው ትከሻዋ ላይ ሆኖ ከቆሙት መኪኖች ጎን ለጎን ቁልቁለቱን ተያያዙት። ጉልበታቸው በየእርምጃው ይንቋቋል፤ አንዳንዴ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ «ምንም አይደል፣ ቁልቁለት እኮ ነው» ይላሉ፤ ለጉልበት ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት እንደሚከፋ ሁለቱም ያውቃሉ። ከታች ሰው አውርዶ ሊመለስ ሲል የደረሱበት ባጃጅ ጫናቸው።

ጽሕፈት ቤቱ ሲገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ነበር። ሰዉ ተበታትኗል። ራሂማ አግዳሚው ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ከጠዋት ጀምሮ ያሉበት ናቸው። አምባዬን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«ያረቢ! አያ አምባዬ፣ በዚህ እግርዎ? ኸረ ለኔ ብለው ባልተንገላቱ!»

«አብሽሪ ራሂማ። እግር አርጅቷል እንጂ አልሞተም።»

ምንይሉ ወንበር ሰጣቸው፣ ውሃም አስመጣላቸው። ከዚያ መዝገቡን ገለጠ። «አቶ አምባዬ፣ ቁጥሩ አርባ ሰባት የሆነው ቁራሽ፣ ሦስት ሜትር በስልሳ አራት። የማን ይዞታ ነው?»

«የእግዚአብሔር ነው።»

ምንይሉ ብዕሩን አስቀመጠ። «ወይዘሮ ራሂማስ?»

«የአላህ ነው፣ የኔ ጌታ። በሺር ነይቶ የሰጠው ነው። የኔ ነው ብዬ በቂያማ ቀን ፊቱን እንዴት አያለሁ?»

«እናቴ፣ አባቴ፣ እኔ እምነታችሁን አልነካም። ግን ይህ ወረቀት የሚጠይቀው የሰው ስም ነው። ሃያ ደቂቃ አለን። ስም ካልገባ መሬቱ ለማስፋፊያ ይሄዳል፤ እናቴ፣ የእርስዎ ቤት መውጫ ስለሌለው ከከተማ ዳር ምትክ ቦታ ይሰጥዎትና ይነሣሉ። ይህን ክፋት አይደለም የምለው። ደንቡ ነው።»

ራሂማ ሙስበሃቸውን ጨበጡት። አርባ አራት ዓመት የኖሩበት ቤት ነው፤ ሰባት ልጅ ወልደውበታል፣ ባላቸውን ከዚያ ሸኝተዋል። «እንግዲህ አላህ ካለ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ቤታቸውን ለማዳን አንዲት ቃል ብቻ ነበር የጎደለችው፤ እሷን ግን ከአፋቸው አላወጧትም።

አምባዬ ወለሉን በከዘራቸው መቱ።

«የሷ ነው!» አሉ።

ምንይሉ ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«የራሂማ ነው። ጻፍ። እኔ የኔ ነው አልልም፤ የሷ ነው ለማለት ግን ማን ይከለክለኛል? መስካሪ ነኝ። ሙሉው፣ ስልሳ አራቱም ሜትር የራሂማ ነው።»

«ኸረ አይደለም!» ራሂማ ተነሡ። «ወላሂ የኔ አይደለም! አያ አምባዬ፣ ምን ነካዎት? ያንቱ ነው! ጻፍ ልጄ፣ የአያ አምባዬ ነው!»

«ተቀመጪ አንቺ! ቀድሞ ማሽላውን የረገጠ ማን ነው? በሺር አይደለም?»

«ድንጋዩን የደረደረ ማን ነው? አንቱ አይደሉም? የጎርፍ ቦዩን የቆፈረ ማን ነው? ያንቱ ነው!»

«ያንቺ ነው ብያለሁ!»

«ዋ! ሽማግሌ ናቸው ብዬ ዝም እላለሁ እንዴ? ያንቱ ነው!»

የጥበቃው ሰው ጠብ መስሎት በሩን ከፍቶ ገባ። ጠብም ነበር። ራሂማ ሻርፓቸው ወደ ትከሻቸው ወርዷል፣ አምባዬ ፊታቸው ቀልቷል። ምንይሉ በሥራ ዘመኑ አንድ ክንድ መሬት የኔ ነው ተባብለው ሲደባደቡ፣ ሲካሰሱ፣ አንዱ የአንዱን ችካል በሌሊት ሲነቅል ያየ ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱን ግን አይቶ አያውቅም፤ አንዱን ዝም በሉ ለማለት አፉን ከፍቶ የትኛውን እንደሚል አጣ።

ወንጌላዊት የመዝገቡን ቅጽ ወደ ራሷ ሳበችው። ኅዳር ላይ በታብሌቱ የነካችው መስመር ከላይ ነው። ከሥሩ፣ ያኔ ሳታነበው ያለፈችው ሌላ መስመር አለ። አነበበችው። እንደገና አነበበችውና ወደ ምንይሉ ገፋችለት።

«ክርክር ያለበት» ብሎ አነበበ ምንይሉ። «አይሆንም። ክርክር ማለት ሁለቱም የኔ ነው ሲሉ ነው።»

«ቅጹ እንደዚያ አይልም፣ ኢንጂነር። ከሥሩ ያለውን ያንብቡት። ‹በባለይዞታው ማንነት ላይ በአዋሳኞች መካከል ስምምነት የሌለበት› ነው የሚለው።» ወደ ሁለቱ አዛውንቶች አመለከተች። «ስምምነት አለ?»

ምንይሉ አዳመጠ። አምባዬ «የወለደቻቸው ልጆች ሁሉ በዚያ ነው ድክድክ ያሉት፣ የሷ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?» ይላሉ። ራሂማ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው አላህን በምስክርነት ይጠራሉ።

«የለም» አለ ምንይሉ በዝግታ። «ስምምነት የለም።» መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ሳያደርገው ቆየ። «ክርክር ያለበት ይዞታ መሬት ባንክ አይገባም። ለማንም አይሰጥም። በስምምነት ወይም በፍርድ እስኪፈታ ባለበት ይቆያል፤ ሲያገለግል የነበረውንም አገልግሎት ይሰጣል።»

«ፍርድ ቤት ባይሄዱስ?» አለች።

«ባለበት ይቆያል።»

«ሃምሳ ዓመት ቢሆንስ?»

«ልጄ፣ ባለበት ይቆያል አልኩሽ እኮ» አለና ማህተሙን አነሣ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ መታው። «በሉ ሁለታችሁም የተናገራችሁትን ፈርሙ። አባት ‹የራሂማ ነው› ብለው። እናት ‹የአምባዬ ነው› ብለው፣ በጣት አሻራ።»

አምባዬ ፈረሙ። ራሂማ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ነክረው አተሙና «አሁን ያልኩት ሐቅ ነው» አሉ አምባዬን እየገላመጡ። ሁለቱም እየተጨቃጨቁ ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ራሂማ የሽማግሌውን ክንድ ያዙ፣ ደረጃው ከፍ ያለ ነበርና። ወንጌላዊት በመስኮቱ እያየቻቸው አለቀሰች፤ ኢንጂነሩ እንዳላየ ሆኖ ፋይል ማስተካከል ያዘ።

ያን ዓመት ክረምት የራሂማ ካርታ ወጣ። ወሰኑን ሲዘረዝር «በምሥራቅ፦ ክርክር ያለበት ይዞታ» ይላል። የአምባዬም ካርታ በምዕራብ በኩል እንደዚያው ይላል። መጋዘኑ በሌላ በኩል ሰፋ። ከዚያ በኋላ አገር ያወቀው ክፉ ጊዜ መጣ፣ ከተማውን አንገላትቶ አለፈ፤ ድንጋዮቹ ከተደረደሩበት አልተነቃነቁም።

አቶ አምባዬ ያረፉት በ2015 ጥር ላይ ነው፣ ደሴ፣ ልጃቸው ዘንድ። ኑዛዜያቸው አንድ ነበር፦ በዚያ መንገድ አሳልፉኝ። ወንጌላዊት ቀብሩ ላይ ነበረች። ከደሴ የመጣው አስከሬን ከግቢያቸው ወጥቶ በሁለቱ ረድፍ ድንጋይ መካከል ሲያልፍ የሰፈሩ ወንዶች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ቃሬዛውን ይቀባበሉ ነበር። ራሂማ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ሲያልፍባቸው እጃቸውን ዘርግተው «አያ አምባዬ፣ በመንገድዎ በሰላም ይሂዱ» አሉ። ከዚያ አጎንብሰው ከቦታው የተንሸራተተ አንድ ድንጋይ ወደ ረድፉ መለሱ።

በዚያው ሳምንት ሙንዚር የሚባል አዲስ ባለሙያ መዝገብ ቤት ተመድቦ የቆዩ ማህደሮችን ሲያጣራ፣ አንድ አቃፊ ይዞ ወንጌላዊት ጠረጴዛ ጋ መጣ። እሷ አሁን የክፍሉ ኃላፊ ናት።

«ይሄ ነገር አልገባኝም» አላት። «ክርክር ያለበት ተብሎ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ክስ የለም፣ እግድ የለም፣ ሽማግሌ የለም። ሁለቱ ቤተሰቦች እስካሁን እንደተጣሉ ናቸው ማለት ነው?»

ወንጌላዊት አቃፊውን ተቀበለችው። ገጹ መጨረሻ ላይ አንድ የተንቀጠቀጠ ፊርማና አንድ ሰማያዊ አውራ ጣት አለ።

«አዎ፣ ተጣልተው ነበር» አለች።

«ምን ተባብለው?»

«‹ያንቺ ነው›፣ ‹ያንቱ ነው› ተባብለው» አለችና አቃፊውን ወደ ቦታው እንዲመልሰው ሰጠችው።